የአያቴ ባለ አራት በር ሱቅ፦ ምኑን ለውጠን ምኑን እንተወው? (ደብረ ብርሃን)

ባለ አራት በር (ጠያቂ)

ለመድረኩ ተሳታፊዎች በሙሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ዋናው አስፋልት ዳር አያቴ ከጣልያን በኋላ ያሠሩት አንድ ረድፍ ሱቅ አለን። የፊቱ ግድግዳ ጥርብ ድንጋይ ሲሆን ጎኑና ጀርባው ባልተጠረበ ድንጋይና በጭቃ የተገነባ ነው። አራት ባለ ሁለት ተከፋች የጥድ በሮች ወደ መንገዱ ይከፈታሉ፤ ከበሮቹ ፊት ደግሞ አምስት የእንጨት ቋሚዎች የተሸከሙት የቆርቆሮ በረንዳ አለ። ጣልያን የጣርማ በርን ዋሻ ፈልፍሎ መንገዱን ወደ ደሴ ካሻገረ በኋላ የከተማው ንግድ ፊቱን ወደ ከባድ መኪናው አዞረ፤ በረንዳውም የተሠራው ከመኪና የወረደ ጆንያ ዝናብ እንዳያገኘው ነበር ይላሉ አባቴ። እኔ የማስታውሰው ግን እዚያው በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ ካኪ ሱሪ ይሰፋ የነበረውን ልብስ ሰፊ ነው።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ሁለቱ በሮች ወደ ቀበሌ ተዛወሩ፤ ሁለቱ ለቤተሰቡ ቀሩ። ስለዚህ ዛሬ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ባለቤት አለ። በቀበሌው በኩል ያለው የዳር በር ከብዙ ዓመት በፊት ተነቅሎ በላሜራ ተተክቷል።

ታላቅ ወንድሜ ያሠራው ንድፍ በረንዳውን ያነሣል፤ የእኛን ሁለት በሮች አፍርሶ አንድ ሰፊ መስታወት ያደርጋቸዋል፤ ድንጋዩን በአሉሚኒየም ክላዲንግ (በብረት ልባስ ሰሌዳ) ይሸፍናል፤ ከላዩም ሁለት ፎቅ ይጭናል። እኔም ቤቱ ይታደስ ባይ ነኝ። ጣሪያው ያፈሳል፣ ውስጡ ጨለማ ነው፣ መጸዳጃ የለውም፣ ሊከራየን የሚፈልገው ፋርማሲም ብርሃን ይሻል። ነገር ግን ባለፈው ሰኞ ሱቁን ስከፍት የደጁን ድንጋይ ልብ ብዬ አየሁት። መካከሉ በሰው እግር ተበልቶ እንደ ሣህን ጎድጉዷል፤ ሌሊት ዝናብ ጥሎ ስለ ነበር ውሃ ቋጥሮ ጠበቀኝ። የበሩም የብረት መወርወሪያ ስንት ዘመን እየተመላለሰ ጥዱን የጣት ያህል ቦርቡሮታል። ከዚህ ቤት ምኑ ቢለወጥ ያው ቤት ሆኖ ይቀጥላል? ምኑ ቢነካስ ሌላ ቤት ይሆናል? ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ነጋዴው ከሸዋ ሮቢት

ወንድሜ፣ የአያትህን ቤት ማክበርህ ደግ ነው። ሆኖም አንድ ሰው ይህን ሳይል እንዳይቀር እኔ ልበለው፤ ሱቅ ካልሸጠ ይዘጋል። እኔ እንዲህ ባለ ጨለማ ሱቅ ውስጥ ለዓመታት ተከራይቼ ሠርቻለሁ። ደንበኛ ደጁ ላይ ቆሞ «ቤቶች! ሰው አለ?» ብሎ ሲጣራ እኔ ሦስት ክንድ ርቄው ቆሜ እሰማው ነበር። መስታወት ካስገባሁ በኋላ መንገደኛው ዕቃውን አይቶ መግባት ጀመረ። ፋርማሲ ደግሞ ከሁሉም በላይ ንጹሕና ብሩህ መስሎ መታየት ይኖርበታል። ቅርስ ነው እያሉ እጅህን የሚይዙህ ሰዎች ጣሪያህ ሲያፈስ ባልዲ ይዘው አይመጡልህም። ወንድምህ የተሳሳተ ነገር አልተናገረም ባይ ነኝ።

ድንጋይ ጠራቢ ዘአንኮበር

ልጄ፣ ስለ መስታወቱ ሌላው ይንገርህ፤ እኔ የማውቀው ግንብ ስለ ሆነ ስለ ግንቡ ልንገርህ። በመጀመሪያ ድንጋዮቹን ምን እንዳያያዛቸው እወቅ። ከአሸንዳው በታች ካለው መገጣጠሚያ በምስማር ጫር አድርገህ እየው፤ ቡናማ ዱቄት ሆኖ ከፈሰሰ ጭቃ ነው፣ ነጣ ብሎ እንደ ፍርፋሪ ከወጣ ኖራ ይኖርበታል። ፍርፋሪው ላይ ሎሚ ጠብ ብታደርግበት ይንተከተካል። እንደ ግምቴ ፊቱ በኖራ፣ ጀርባው በጭቃ ነው፤ በዚያ ዘመን ገንዘብ የሚወጣው ለፊቱ ነበርና።

እንዲህ ያለውን ግንብ በሲሚንቶ አታስለስነው። ይህን የምልህ ራሴ አጥፍቼ ስለማውቅ ነው። በጎልማሳነቴ ዘመን የአንድ ባለሱቅ ግንብ ፊቱን በሲሚንቶ ለስኜ፣ «ድንጋይ መሰለ» ተብዬ ተመርቄበት ነበር። ድንጋይና ጭቃ ከመሬትም ከዝናብም ውሃ ይጠጣሉ፤ የጠጡትንም በመገጣጠሚያቸው በኩል ቀስ እያሉ ይተፉታል። ሲሚንቶው ያንን መተንፈሻ ይደፍነዋል። ውሃው ከልስኑ ኋላ ተጠራቅሞ ይቀመጥና የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሲመጣ ሌሊት በረዶ ይሆናል፣ ቀን ይቀልጣል። ደብረ ብርሃን ላይ ማለዳ ሣሩ ነጭ ሆኖ የሚያድርበትን ወቅት አንተው ታውቀዋለህ። ሦስት ክረምት እንዳለፈ ልስኑ ሲላቀቅ የድንጋዩን ቆዳ ይዞት ወረደ። ድንጋዩን የጠረበው አጎቴ ነበር።

ስለዚህ ሥራውን ከላይ ጀምር። ቆርቆሮውንና አሸንዳውን ሳትጠግን ግንቡን አትንካ፤ ግንብ የሚታመመው ከጣሪያ በሚወርድ ውሃ ነው። ቀጥሎ የሞተውን መገጣጠሚያ በመዶሻና በቀጭን መሮ ብቻ አውጣው፤ ግራይንደር ይዞ የሚመጣውን ልጅ አመስግነህ መልሰው፤ የድንጋዩን ጠርዝ ይበላዋልና። ከዚያ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ ንጹሕ አሸዋ አድርገህ ሙላው። ኖራው ቀድሞ በውሃ በርዶ፣ ማለትም ጥሬው ኖራ ውሃ ጠጥቶ ፍላቱ ካለፈ በኋላ፣ ሳምንታት የቆየ ይሁን። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ጨርሰው፤ ኖራ ለመጠንከር ጊዜ ይፈልጋል፣ ሳይጠና ውርጭ ካገኘው ዱቄት ይሆናል። ፀሐዩም እንዳያደርቀው እርጥብ ጆንያ አልብሰው።

ደግሞስ ያ የተነቀለው የጥድ በር የት ደረሰ? እንዲህ ያለ ጣውላ እኮ ማንም አይጥልም።

የንድፍ ባለሙያ (መንዝ)

ጋሼ ስለ ኖራው የተናገሩት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ወደ ፊቱ ገጽ ልመለስ። የንግድ ቤት መልክ ከጌጡ ይልቅ የሚኖረው በክፍቱና በድፍኑ መፈራረቅ ላይ ነው። በር፣ ግንብ፣ በር፣ ግንብ እያለ የሚሄደው ልክ አንድ ጊዜ ከተሰበረ ድንጋዩ ሁሉ በቦታው ቢቀር እንኳ ቤቱ አይታወቅም። በአንጻሩ የውስጡ ወለል፣ ኮርኒሱ፣ መደርደሪያውና የጀርባው ክፍል ብዙ ቢለወጥም መንገደኛው ያው የአያትዎ ሱቅ ነው ይላል። ስለዚህ ንድፉን እኔ ብሠራው አራቱን ክፍት፣ በመካከላቸው ያለውን ግንብ፣ በረንዳውንና የጣሪያውን ጠርዝ መስመር አልነካም፤ ከዚያ በስተኋላ ግን እጄን ብዙም አላስርም።

ነባር የንግድ ቤቶችን ማደስን በደንብ የሠሩበት አሜሪካኖች የአገር ውስጥ ሚኒስቴራቸው ባወጣቸው 10 የእድሳት መለኪያዎች ይመራሉ። ለእርስዎ የሚጠቅሙት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው። አዲስ የሚጨመረው አካል ከነባሩ ጋር በመጠንና በልክ መስማማት አለበት፤ ነባር መስሎ ግን ማታለል የለበትም። ደግሞም አንድ ቀን ቢነሣ ነባሩ አካል ሳይጎዳ በቦታው መገኘት አለበት። የክላዲንጉን ነገር በዚህ መለኪያ ይመዝኑት። ልባሱን የሚይዘው ብረት በድንጋዩ ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ቀዳዳ በስቶ ይታሰራል፤ ከኋላው ርጥበት ይታፈናል፤ ሲነሣም ቀዳዳው ይቀራል።

ስለ ፎቁ ጠበቅ አድርጌ መናገር ግዴታዬ ነው። በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ የራሱን ጣሪያ እንጂ ሁለት ሶሌታ (የአርማታ ወለል) ለመሸከም አልተሠራም። ቦታችንም ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በ1953 ዓ.ም. ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ በደሴ መንገድ ላይ ባለው ካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው መናወጥም ገና ከአእምሯችን አልወጣም። ጭቃ ግንብ በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚፈርሰው ጎንና ፊቱ እርስ በርስ ስላልተሳሰሩ ነው። ስለሆነም ቆርቆሮው ሲነሣ በግድግዳው አናት ዙሪያውን የሚዞር የእንጨት ወይም ቀጭን የአርማታ ማሠሪያ ይግባ። ከመንገድ አይታይም፤ ቤቱን የሚያቆየው ግን እርሱ ነው። ፎቅ የግድ ካስፈለገ ከጓሮ በራሱ መሠረትና በራሱ ኮለን ላይ ይቁም፤ ከነባሩ ግድግዳም ክፍተት ይተውለት። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ለሚያይ ሰው ደግሞ ከጣሪያው ጫፍ በላይ ጎልቶ እንዳይወጣ ወደ ኋላ ይግፉት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የበሩ ክፍት ስፋትና የግድግዳው ውፍረት ስንት ነው? በሮቹስ የሚከፈቱት ወደ ውስጥ ነው ወይስ ወደ ውጭ?

ባለ አራት በር

እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ በሎሚ ሞከርሁት፤ የፊቱ ፍርፋሪ ተንተከተከ፣ የጀርባው ዝም አለ። ልክ እንዳሉት ነው።

እህቴ፣ ትናንት በሜትር ለካሁት። ክፍቱ 1 ሜትር ከ20 ነው፤ እያንዳንዱ ተከፋች 60 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ግድግዳው 65 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በሮቹ የታሰሩት በውጪው ጠርዝ ላይ ነው፤ የሚከፈቱትም ወደ ውስጥ ነው። ሲከፈቱ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ ግራና ቀኝ ይለጠፋሉ። ለዘመናት ስገባና ስወጣ እንዲህ መሆኑን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

የንድፍ ባለሙያ (መንዝ)

እንግዲያውስ አያትዎና አናጢያቸው የነጋዴውን ጥያቄ ቀድመው መልሰውታል። መስታወቱን በቀጭን የብረት ፍሬም በግድግዳው የውስጥ ጠርዝ ላይ ይትከሉት። ጠዋት የጥዱ በሮች ሲከፈቱ በውፍረቱ ውስጥ ገብተው ይቀመጣሉ፤ የሚታየውም መስታወቱና ከኋላው ያለው ዕቃ ነው። ማታ ደግሞ በሮቹ ይዘጋሉና የሚጠቀለል የብረት በር ወጪ አይኖርብዎትም። ብርሃኑን በተመለከተ ከጀርባው የጣሪያ ክንፍ ላይ ሁለት ሦስት ቆርቆሮ ብርሃን በሚያሳልፍ ይተኩ፤ የውስጡንም ግድግዳ ኖራ ይቀቡት። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ጨለማውን የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከበሩ ጥበት ይልቅ በጭስ የጠቆረው ኮርኒስ ነው። መጸዳጃው በጓሮው አዲስ ክፍል ይሁን።

የኤሌክትሪክ ሽቦውን ከመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ያስለውጡ። የአዲስ አበባው ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቶ ያዩ ሰዎች በደረቀ እንጨት የተሠራ ቤት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያያዝ አይረሱትም። ተጠግኖ እንደገና ሥራ መጀመሩ ግን ለእኛ መልካም አብነት ነው።

ነጋዴው ከሸዋ ሮቢት

መስታወቱ ከውስጥ፣ በሩ ከውጭ ከሆነ እኔም ክርክሬን በግማሽ አነሣለሁ። ስለ ቀሪው ግማሽ ግን ልጠይቅ፤ አሜሪካኖቹ ይህን ሁሉ ጥንቃቄ የሚያደርጉት በማን ገንዘብ ነው?

የንድፍ ባለሙያ (መንዝ)

ተገቢ ጥያቄ ነው። እዚያ ገቢ የሚያስገኝ ታሪካዊ ሕንፃ በመለኪያዎቹ መሠረት መታደሱ ሲረጋገጥ ባለቤቱ ካወጣው ተቀባይነት ያለው ወጪ 20 በመቶው ከፌዴራል ገቢ ግብሩ ይቀነስለታል። ስለዚህ ጥንቃቄው በስሌት የታገዘ ነው። የእኛን አገር ሕግ የሚያውቅ ይመልስ።

የሕግ ጉዳይ

በእኛ ዘንድ ነገሩ ከባለቤቱ ኪስ ይጀምራል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ የሚገኝ ሰው በራሱ ወጪ እንዲንከባከበው ግዴታ ይጥልበታል፤ የጥገናና የእድሳት ሥራም ከቅርስ ባለሥልጣኑ አስቀድሞ ፈቃድ ሳይገኝ እንዳይሠራ ይከለክላል። ግዴታው ከድጋፉ እንደሚበልጥ የነጋዴው ወንድማችን ቅሬታ ያሳያል፤ እኔም ይህ ሚዛን መስተካከል አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ። በሌላ በኩል የሕንፃ ሕጉ እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ከተሞች ላይ ተፈጻሚ ነው። አዲስ መገንባት ብቻ ሳይሆን ነባሩን ማሻሻልም ፈቃድ ይጠይቃል።

ለጠያቂው የምመክረው ይህን ነው። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደ ሆነ ከከተማው የባህልና ቱሪዝም ክፍል በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። በቃል «ችግር የለውም» የሚል መልስ ሠራተኛው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል። ከዚያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እያንዳንዱን በር፣ ቋሚና የጣሪያ ጠርዝ ሜትር አስደግፈው ፎቶ ያንሡ።

የቀበሌውን ግማሽ አይተዉት። የጣሪያው ጫፍ አንድ ስለ ሆነ እርስዎ ብቻ ቆርቆሮ ቢለውጡ ውሃው የሚገባው አሮጌውና አዲሱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው። የቀበሌውን ቤት የሚያስተዳድረው ክፍል በጣሪያው ድርሻውን እንዲያወጣ፣ ካልቻለም ሥራው አብሮ እንዲሠራ ፈቃዱን በደብዳቤ እንዲሰጥ ያመልክቱ።

የአሊዩ አምባ ልጅ

እኔ ሌላ ነገር ልጨምር። የትውልድ መንደሬ አሊዩ አምባ ከአንኮበር በታች በምሥራቅ በኩል ያለች ናት። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሸዋ ነገሥታት አንኮበር ላይ ተቀምጠው ሲያስተዳድሩ ከታጁራና ከሐረር በኩል የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን የሚያራግፈው አሊዩ አምባ ነበር፤ አሞሌው፣ ቡናው፣ ጨርቁ የሚገበያየው እዚያ ነው። የሸዋ ንግድ ታሪክ ሲነገር አንደኛ ስሟ የሚነሣው ይህች መንደር ዛሬ ጸጥ ያለች ናት። ያረጁ የድንጋይ ቤቶቿን የጎዳው መስታወትም ክላዲንግም አይደለም። ንግዱ ወደ አስፋልቱ ሲሄድ ቤቶቹ ባዶ ቀሩ፤ ባዶ ቤት ጣሪያው ሲያፈስ የሚያይለት የለም። ስለዚህ የሸዋ ሮቢቱ ወንድማችን «ሱቅ ካልሸጠ ይዘጋል» ሲል እኔ ከእርሱ ጋር ነኝ፤ ፋርማሲው ይግባ።

ግን ደግሞ አንኮበር ኮረብታ ላይ የቤተ መንግሥቱን መልክ ለማስታወስ በቅርብ ዘመን የተሠራውን ሎጅ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ቦታው ያምራል፣ እንግዳም ይደሰትበታል፤ ነገር ግን ግድግዳውን ስትነካው የምኒልክን ዘመን አትነካም። የእናንተ ሱቅ ግን አለ፤ ደጁ ላይ ውሃ ይቋጥራል። ይህን አፍርሶ በኋላ «ባህላዊ መልክ» ያለው ፊት መልሶ ለመገንባት ከማሰብ ያድናችሁ።

ስለ ታፔላውም አትርሱ። የተከራይ ፕላስቲክ ማስታወቂያ ከጉበን እስከ ጣሪያ ሲዘረጋ ግማሹ ቤት ይጠፋል። በውሉ ላይ ታፔላ ከበረንዳው ወራጅ ላይ እንዲንጠለጠል፣ ቁመቱም ከወራጁ እንዳይበልጥ፣ ድንጋዩም ቀለም እንዳይቀባ ጻፉበት። ድንጋይ አንድ ጊዜ በዘይት ቀለም ከተቀባ ማስለቀቁ ከመቀባቱ አሥር እጥፍ ያደክማል።

ባለ አራት በር

ሳምንቱን ሙሉ ስሮጥ ነበርና ስለ ዘገየሁ ይቅርታ። ጽሑፋችሁን አትሜ ለወንድሜ ሰጠሁት። ስለ ማጀቴ የተጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከላይ የሚጫነውን ፎቅ ትቶ የጓሮውን ሐሳብ አስልቶ እንዲመጣ መሐንዲሱን ጠርቷል። መስታወቱ ከውስጥ እንዲሆን ተስማምቷል። በረንዳው ላይ ግን እስካሁን አልተስማማንም፤ እርሱ ቦታ ይበላል ይላል።

ጋሼ፣ የጠየቁኝን በር አገኘሁት። በቀበሌው በኩል ያሉት እናት ዘይትና ስኳር የሚደረድሩበት መደርደሪያ ሆኖ ተኝቷል። አንዱ ተከፋች ብቻ ነው፤ ማጠፊያዎቹ ግን አሉበት፣ የመወርወሪያውም ቡርቡር ከእኛው በር ጋር እኩል ነው። ሌላ መደርደሪያ ካሠራሁላቸው እሰጣለሁ ብለውኛል። ሁለተኛውን ተከፋች ማንም አያውቀውም።

ድንጋይ ጠራቢ ዘአንኮበር

እሰይ! ለእርሳቸው ጥሩ መደርደሪያ አሠራላቸው፤ አትቆጥብ። የጎደለውን ተከፋች አናጢ ከዚሁ ልክ ወስዶ ይሥራው።

የንድፍ ባለሙያ (መንዝ)

በዚህ ላይ አንድ ቃል ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር ጥገና ግምት በሚጀምርበት ይቁም ይላል። እርስዎ ግን አንደኛው ተከፋች በእጅዎ ነው፣ የቀሩትም ሦስት በሮች ቆመዋል፤ ስለዚህ መገመት አያስፈልግዎትም። አዲሱ ተከፋች በጣውላው ስፋትና በማጠፊያው ቦታ ይመሳሰል፤ ነገር ግን ያረጀ ለማስመሰል አይቧጥጡት፣ መወርወሪያው ያልቦረቦረውንም አይቦርቡሩ። በውስጥ ጠርዙ ላይ የተሠራበትን ዓመተ ምሕረት ያስቀርጹ። ስለ በረንዳው ደግሞ ወንድምዎን በዝናብ ቀን ወስደው ከሥሩ ያቁሙት፤ ለመድኃኒት ወረፋ የሚይዘው በሽተኛ የት እንደሚጠለልም ይጠይቁት።

ነጋዴው ከሸዋ ሮቢት

ይኼኛው ክርክር ለነጋዴም ይገባዋል። በረንዳ ያለው ሱቅ በክረምት ደንበኛ እንደማያጣ እኔም እመሰክራለሁ፤ መጠለል የመጣ ሰው ቢያንስ ክብሪት ይገዛል።

ባለ አራት በር

ለወንድሜ እነግረዋለሁ። ጋሼ፣ ቆርቆሮው በየካቲት ይነሣል። የመጀመሪያውን የኖራ ቡኮ ሲቦካ አጠገባችን ቢቆሙልን ደስ ይለናል፤ ከአንኮበር የሚያመጣዎትን መኪና እኔ እልካለሁ።

ድንጋይ ጠራቢ ዘአንኮበር

መኪናው ይቅርብህ፣ በአውቶብስ እመጣለሁ። ኖራውን ግን አሁኑኑ አብርደህ በበርሜል አስቀምጠው፤ አፉንም በእርጥብ ጆንያ ሸፍነው።